ያልተነበቡ

በዳንግላ ሰኔ ሲገባ፣ ሰማዩ ገና በጠዋት ጠቁሮ፣
ዝናቡ የክሊኒኩን ጣራ ሲደበድብ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ፣
አሮጌው ኮምፒውተር አንዴ አቃሰተ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ቀረ።
ምንይችል መጣ ከባሕር ዳር፣ በኪሱ ፍላሽ ቋጠረ።
«ይሄ ዊንዶው አልቆለታል፤ ቫይረስ በልቶታል እንደ ነቀዝ፤
ሊኑክስ እጭንልሻለሁ፣ በነጻ፣ ያለ ምንም መዘዝ።
ግን ፖስታሽ አለ፣ የአሥር ዓመት፣ አሮጌው ዲስክ ላይ ተኝቶ፤
እሱን ጠቅልለን እናግዘው፤ ሰው ቤት ይለቃል ወይ ዕቃ ትቶ?»

ጓዝ ማጋዝ አውቃለሁ እኔ። ከቻግኒ ስንመጣ በኤፍ ኤስ አር፣
ቁም ሣጥኑ እግሩን አጣ፣ የሰርጉ ሣህን ሆነ ስብርብር።
ይሄኛው ጓዝ ግን ድምፅ የለውም፤ አንዲት አረንጓዴ መስመር
ከግራ ወደ ቀኝ ትሳባለች፣ እንደ አባጨጓሬ ስትቸገር።
ሠላሳ በመቶ። ሠላሳ አንድ። መብራት፣ እንዳትሄድ አደራ።
ውጭ አንድ ገበሬ፣ የከሳች ጊደር ይዞ፣ ይጠብቃል ተራ።

ደረሰ፤ ሳጥኑ ተከፈተ፤ ምንይችል «ይኸው!» አለ።
አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣
ሁሉም በደማቅ ጥቁር ተጽፎ፣ ሁሉም ያልተነበበ መሰለ።
የአባ ሰንጋ ክትባት ጥያቄ፣ መልሱ፣ የመልሱም መልስ፣
የሞተር ሳይክሉ ጎማ ውዝግብ፣ ያላለቀው እስከ ዛሬ ድረስ።
አንዳንዱ በድሮ ፊደል ተጽፎ፣ ሣጥን ሣጥን ሆኖ መጣ፣
እንደ ተዘጋ መንደር፣ ጭስ እንኳ ከቤቱ የማይወጣ።

በመካከሉ አንለይ።

የጃዊው የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን፣ ቆላ ለቆላ የሚዞረው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ይጽፍልኝ የነበረው።
«ለውባለም» ብሎ ይጀምራል፤ «ጉዳዩ፦ የገንዲ መድኃኒት ስለመጠየቅ»፤
ከፊርማው ሥር ግን አንዲት መስመር ይጨምራል፣ ሳይጠየቅ፦
«ዛሬ ወንዙ ሞልቶ ማዶ አደርን።»
«ስምሽን ለአንዲት ጊደር ሰጠን፤ ብትቆጪም እኛ ወደድን።»

ጥቅምት ላይ ደግሞ አንዷን ላከ፤ ርዕሷ እንደ ሌላው የገንዲ ነው፤
ግን ማክሰኞ ነው፣ ቅዳሜ አይደለም፤ ልቤን ቀድሞ ምን ነገረው?
እኔ ያኔ ለሌላ ሰው ታጭቼ፣ ቀን ተቆርጦ ነበር።
አልከፈትኋትም። አላጠፋኋትም። ጠቁራ ትኑር፣ በዚያው ትደር።
ኅዳር ላይ ከጃዊ መርዶ መጣ። ወባ ነው አሉ። ዝም አልኩኝ።
ዘጠኝ ዓመት ያቺን ጥቁር መስመር ሳልነካት እያየሁ ኖርኩኝ።

አሁን ግን ሁሉ ጠቆረ። ቀኑም ተፍቆ፣ ሁሉም «ዛሬ» ይላል።
ስሙን አንለይ አሉት፤ ይኸው፣ ከሌላው አልለይ አለኝ፤
የትኛዋን እንዳልከፈትኋት፣ አሁን ማንም አይነግረኝ።
«ቀላል ነው፣» አለ ምንይችል፣ «'ሁሉም ተነቧል' በይው፤ ያበቃል።»
እጁን ያዝኩት። ከኮርማ ደም ስወስድ እንኳ እንዲህ ይዤ አላውቅም።
«ተወው፣» አልኩት። «እኔ አነባቸዋለሁ። አልቸኩልም።»

ይኸው ነሐሴ ደረሰ። ከሥራ በኋላ፣ በየቀኑ አሥር አሥር።
አንዱ መርፌ አልቋል ይላል።
አንዱ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት ይፈልጋል።
አንዱ «ደህና ሁኚ» ይላል ብቻ፤ ግን እሱ ሁሌም ደህና ሁኚ ይላል።
የቷ ነበረች? ምናልባት ትናንት ሻይ እየጠጣሁ አልፌአታለሁ፤
ያን ያህል ዘመን የፈራኋት፣ ጓንት ልትጠይቅ ኖራ ይሆናል፣ እላለሁ።
ሣጥን የሆኑት አሥራ ሰባቱ ግን አሁንም እንደ ተዘጉ ናቸው፤
ምንይችል የድሮውን ፊደል ፈልጎ፣ ለመስከረም ሊያመጣ ነው።

መብራት ሄደ።